እምቢ ላለ ጎማ ሦስት መፍቻዎች

የኮርስ ብስክሌት ጎማን ቸርኬው ላይ መግጠም አብዛኛውን ጊዜ በባዶ እጅ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ መሣሪያ የሚያስፈልገው ለመጨረሻዋ አንድ ስንዝር ነው። የጎማው ጠርዝ ዙሪያውን በቀላሉ ገብቶ ያቺ ስንዝር ላይ ሲደርስ እንደ ከበሮ ጠፍር ይወጠራል፤ ከዚያ በኋላ አውራ ጣት ይላጣል፣ ትዕግሥት ያልቃል፣ ብዙ ሰውም ካቻቢቴ ወይም የማንኪያ እጀታ ፍለጋ ይነሣል። ከዚህ በታች የምገመግማቸው ሦስት መሣሪያዎች ለዚያች ስንዝር የተሠሩ ናቸው፦ የፔድሮስ የፕላስቲክ መፍቻ፣ የፓርክ ቱል ውስጡ ብረት የሆነ መፍቻ፣ እንዲሁም የኩል ስቶፕ የጎማ ጠርዝ መሳቢያ። ሦስቱንም አዲስ አበባ ውስጥ 25 እና 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸውን ጎማዎች ሳወጣና ሳስገባ ተጠቅሜባቸዋለሁ። ቸርኬዎቹ የአሉሚኒየም ሲሆኑ ከካላማዳሪ ጋርም ሆነ ያለ ካላማዳሪ በቲዩብለስ መልክ እንዲያገለግሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው።

አስቀድሞ ጎማው ለምን እንደሚጠብ መናገር ያስፈልጋል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ውድ መሣሪያ ገዝቶም ይሰብረዋል። የዛሬው የኮርስ ብስክሌት ጎማ ጠርዙ የሚያርፍበት ዲያሜትር 622 ሚሊ ሜትር ነው። የቸርኬው ከንፈር ከዚህ ይሰፋል፤ የጎማው ጠርዝ ግን ውስጡ የብረት ሽቦም ይሁን ኬቭላር የተባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር፣ አይለጠጥም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ጎማው ከንፈሩን ተሻግሮ የሚገባው በጉልበት ተለጥጦ ሳይሆን፣ በተቃራኒው በኩል ያለው ጠርዝ ቸርኬው መካከል ወዳለው ቦይ ወርዶ በዚህኛው በኩል ትርፍ ስለሚገኝ ነው። ቦዩ ጥልቀቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ቢሆንም በእጅ የሚገባውንና በምንም የማይገባውን ጎማ የሚለዩት እነዚያ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ናቸው። ከዚህም የተነሣ ጎማን መግጠም ከቫልቮላው ተቃራኒ ጀምሮ ቫልቮላው ጋ መጨረስ ይገባል፤ ቫልቮላው ባለበት ቦታ ጠርዙ ወደ ቦዩ ሊወርድ አይችልምና እዚያ ጀምሮ ተቃራኒው ላይ የሚጨርስ ሰው ያለውን ትርፍ ራሱ ዘግቶታል።

ለቲዩብለስ የተዘጋጀ ቸርኬ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከቦዩ ግራና ቀኝ ጠርዙ የሚቀመጥባቸው ሁለት መደብ መሰል እርከኖች አሉት፤ በብዙዎቹ ላይ በእርከኑና በቦዩ መካከል ትንሽ ጉብታ ይኖራል። ጎማው ሲነፋ ጠርዙ ጉብታውን ዘሎ ጧ ብሎ እርከኑ ላይ ይቀመጣል፣ ጎማው ቢተነፍስም ከዚያ አይወርድም። ይህ ለጋላቢው ደኅንነት መልካም ነው፤ መንገድ ዳር ጎማ ለመፍታት ለተቀመጠ ሰው ግን ፈተና ነው። መፍቻ ከመንካት በፊት የጎማውን ሁለቱንም ጎን በአውራ ጣት፣ ካልሆነም በእግር ጫማ ጠርዝ፣ ዙሪያውን እየገፉ ወደ ቦዩ ማውረድ ግድ ነው። ይህ ሳይደረግ መፍቻ ሰክቶ መታገል የቱንም ያህል ጠንካራ መሣሪያ ቢይዙ ከንቱ ድካም ነው።

የቁጥር ነገርም አለ። ጎማ ላይ 28 ኢንች ተብሎ የተጻፈ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የኮርስ ብስክሌት ጎማ 622 ሲሆን፣ የድሮው ትልቁ ባለ 28 በ1½ ብስክሌት ጎማ 635 ነው፣ በቀድሞዎቹ ባለ 27 ኢንች ኮርሶች ላይ ያለው ደግሞ 630 ነው። ባለ 622 ጎማ 630 ቸርኬ ላይ በየትኛውም መሣሪያ አይገባም። ስለዚህ ከመታገል በፊት ጎማው ጎን ላይ በሁለት ቁጥር የተጻፈውን፣ ለምሳሌ 25-622 የሚለውን፣ ማንበብ ይበቃል፤ የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ጠርዙ የሚያርፍበት ዲያሜትር ነው።

ወደ መሣሪያዎቹ ስንመለስ፣ የፔድሮስ መፍቻ በጥንድ የሚሸጥ፣ በቢጫና በሮዝ ቀለሙ ከሩቅ የሚለይ የፕላስቲክ መፍቻ ነው። ዋናው መልካምነቱ የጫፉ ስፋት ነው። እኛ ጋ በየመደብሩ የሚገኙት ርካሽ መፍቻዎች ጫፋቸው ጠባብ በመሆኑ ኃይሉ ሁሉ አንዲት ነጥብ ላይ ያርፍና ወይ መፍቻው ይጣመማል ወይ ይሰበራል፤ የዚህኛው ሰፊ ጫፍ ግን ጠርዙን ሰፋ አድርጎ ያነሣል፣ የቸርኬውንም ቀለም አይልጥም። ሌላው ጫፉ ላይ የመንኮራኩሩን ሽቦ የሚይዝ ማጠፊያ ስላለው አንዱን መፍቻ አስይዞ በሌላው መቀጠል ይቻላል። ስፋቱ አንድ ዋጋ ያስከፍላል፤ በጣም በጠበቀ ጎማ ሥር ጫፉን ለማስገባት መጀመሪያ ላይ ጎማውን በሌላው እጅ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ክፍተት መፍጠር ያስፈልጋል። ለማውጣት ካነጻጸርኳቸው ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ለማስገባት ግን እርሱንም ሆነ ሌላ ማናቸውንም መፍቻ አልመክርም፤ ጠርዙን ለማሻገር ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ ካላማዳሪውን ከቸርኬው ጋር ይነክሰዋል፣ አዲስ ካላማዳሪም ገና ሳይነፋ ይበሳል።

የፓርክ ቱል መፍቻ በውስጡ ብረት ኖሮት በውጭ በፕላስቲክ የተለበሰ፣ ከተለመደው ረዘም ያለ መፍቻ ነው። ጉልበቱ የሚያጠያይቅ አይደለም። ለጥገና ቤት፣ በተለይም ወፍራምና ደረቅ ጎማ ለሚፈታ ባለሙያ፣ የሚመጥን ነው፤ ከኮርቻ ሥር በምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ግን አይገባም። የፕላስቲኩ ልባስ አልቆ ብረቱ ከታየ ደግሞ ለካርቦን ቸርኬ መጠቀም ማቆም ይገባል፤ በካርቦን ላይ የተጫረ ጭረት በአሉሚኒየም ላይ እንዳለው በጨርቅ ታብሶ የሚታለፍ አይደለም።

ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሦስተኛው ነው። ኩል ስቶፕ በይበልጥ የሚታወቀው በፍሬን ጎማዎቹ ቢሆንም፣ ይህ የጠርዝ መሳቢያው በኮርስ ጋላቢዎች ዘንድ የበለጠ ሊታወቅ የሚገባው ነበር። ረጅም የፕላስቲክ እጀታ ሲሆን ሁለት ሥራ የሚሠሩ ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው ጠርዙ አስቀድሞ በገባበት ማዶ፣ በቸርኬው ከንፈር ላይ የሚያርፍ መደገፊያ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ያልገባውን ጠርዝ ከውጭ በኩል የሚይዝ መንጠቆ ነው። መደገፊያውን ማዶ አሳርፎ እጀታውን ቀስ ብሎ ሲያነሡት መንጠቆው ጠርዙን ይዞ ከንፈሩን ያሻግረውና ወደ ውስጥ ይጥለዋል። ከሁሉም በላይ የወደድኩት ነገር መንጠቆው ወደ ቸርኬው ውስጥ አለመግባቱ ነው፤ ጠርዙን የሚስበው ከላይ ስለሆነ ካላማዳሪው በመንጠቆና በቸርኬ መካከል የሚነከስበት ዕድል እጅግ ያነሰ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ለመሳብ መሞከር ግን አይበጅም። ሁለት ጣት ያህል እየሳቡ፣ መሣሪያውን እያንቀሳቀሱ፣ በሌላው እጅ የገባው ክፍል ተመልሶ እንዳይወጣ እየያዙ መሄድ ነው። አንድ እጅ ለያዥነት ካልበቃ በጎማውና በቸርኬው ዙሪያ ቀበቶ ወይም ገመድ ማሰር ያግዛል። በዚህ አካሄድ በአውራ ጣት ፈጽሞ አልገባም ያለው ባለ 25 ጎማ ያለ ላብ ገብቷል።

ጉድለት የምለው መጠኑን ነው። በማልያ ኪስ የሚያዝ አይደለም፤ ከቤት የማይወጣ መሣሪያ አድርጎ መቁጠር ይሻላል። ሁለተኛው ነገር አገር ውስጥ በቀላሉ አለመገኘቱ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፣ እንደ እኔ አስተያየት ግን ከሻንጣው ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

ያለ እነዚህ ሁሉ ጎማ የሚገጥሙ ጎሚስታዎች መኖራቸውን አልዘነጋሁም። ለመኪና ጎማ የተሠራው ረጅም ፌሮ ግን ለቀጭን የአሉሚኒየም ቸርኬ የሚሆን አይደለም፤ የቸርኬዬ ከንፈር በአንድ ሰፈር በዚህ ሁኔታ ተቀጥቅጦ ተመልሶልኛል፣ ከዚያ ወዲህ ለጎሚስታ የምሰጠው የመኪና ጎማ ብቻ ነው። ገንዘብ ሳያወጡ ጥበቱን የሚቀንሱ ነገሮችም አሉ። ጥቂት ላርጎ በውኃ በጥብጦ ጠርዙን መቀባት ያንሸራትተዋል። ጎማውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማለስለስም እጅን ያሳርፋል። ከሁለቱም ይልቅ የሚረዳው ግን ቸርኬው ውስጥ የሚለጠፈውን ጨርቅ መመልከት ነው፤ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ቦዩን ስለሚሞላው በቀጭን የቲዩብለስ ቴፕ ሲተካ በእጅ የማይገባ የነበረ ጎማ በእጅ መግባት ይጀምራል። መሣሪያ ከመግዛት በፊት ይህን መሞከር ተገቢ ነው።

ከንፈሩ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ጠርዙን የሚይዝ መንጠቆ የሌለው ዘመናዊ ቸርኬ ላላቸው አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በእንዲህ ያለው ቸርኬ ጎማውን የሚይዘው የልኩ ጥብቀት ብቻ በመሆኑ ጥበቱ ጉድለት አይደለም፤ ለዚህ ዓይነት ቸርኬ መሆኑ ያልተጻፈበት ጎማ መግጠም አይገባም፣ ግፊቱም ከ5 ባር መብለጥ የለበትም።

ምርጫዬን የሚጠይቅ ካለ፣ ለቤት የኩል ስቶፑን፣ ለመንገድ ጥንዱን የፔድሮስ መፍቻ እላለሁ፤ የፓርክ ቱሉን የብዙ ሰው ብስክሌት ለሚጠግን እተወዋለሁ። በከተማችን አስፋልት ላይ የኮርስን ጎማ አዘውትሮ የሚበሳው ካረጁ የከባድ መኪና ጎማዎች የሚረግፈው ቀጭን ሽቦ ነው፤ ስለዚህ ጎማውን አንድ ጎኑን ብቻ በፔድሮሱ አውጥቶ፣ ውስጡን በጥጥ ወይም በጨርቅ እያሹ ጥጡ የሚያዝበትን ቦታ መፈለግና ሽቦውን በፒንሳ መንቀል ያስፈልጋል። ሲመልሱት ካላማዳሪው ቅርጹን እስኪይዝ ጥቂት አየር ተነፍቶበት ይግባ፤ ጠርዙ ገብቶ ካለቀም በኋላ ቫልቮላውን አንዴ ወደ ውስጥ ገፍቶ መመለስ፣ ዙሪያውንም ጎማውን ወደ ጎን እየገፉ ከሥሩ የሚታይ ካላማዳሪ አለመኖሩን ማየት፣ ፓምፑንም ከዚያ በኋላ ማንሣት ነው።