ለጣርማበር መንገድ የትኛው አሮጌ ስፖርት መኪና ይሻላል? ሴሊካ፣ ማዝዳ፣ ቢኤምደብሊውና አልፋ ሮሜዮ ሲነጻጸሩ

ደብረ ብርሃን ወይም ሸኖ ተቀምጦ ለቅዳሜና እሁድ የሚነዳው አሮጌ ስፖርት መኪና የሚፈልግ ሰው ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፈረስ ጉልበት ነው። እኔ ሦስት ሌሎች ጥያቄዎችን አስቀድማለሁ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ይይዛል? ዳገት ላይ ሞተሩ ይሞቃል? ሲበላሽ እዚሁ የሚሠራው መካኒክ አለ? የሰሜን ሸዋ መንገድ መኪናን የሚፈትነው በእነዚህ ነው።

ነገሩ ሁሉ ከከፍታው ይጀምራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። ፋብሪካው 140 የፈረስ ጉልበት የሰጠው መኪና ደብረ ብርሃን ጠባሴ ላይ ሲደርስ የሚቀረው 105 ቢሆን ነው። ጣሊያን የቆፈረውን የጣርማበር ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስትጀምሩ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በአንድ ጠዋት ከ1,700 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። እዚያ የሚፈርደው ክብደት ነው፤ መኪናው በከበደ ቁጥር ፍሬኑ ይግላል።

ምርጫውን የሚያጠብብ ሌላም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ የምትገዙት አገር ውስጥ ካሉት መካከል ነው። ሞዴል መርጦ ከውጭ የማዘዝ ነገር ስለሌለ በደንብ የተያዘ ሁለተኛ ምርጫ ከተጎሳቆለ አንደኛ ምርጫ ይበልጣል።

ቶዮታ ሴሊካ

የማወራው ስለ መጨረሻው ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 ስለተሠራው ነው። 1.8 ሊትር ሞተር አለው፤ ክብደቱ ከ1,100 ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ የሚነዳው በፊት ጎማ ነው። ሁለት ዓይነት ሞተር ይገኝበታል። አንደኛው 140 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በዚያው ዘመን ኮሮላ ላይም የተገጠመው ነው። ሁለተኛው ከ180 በላይ ጉልበት ያለው ሲሆን ያ ጉልበት የሚመጣው ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ ነው።

ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይመኛል። እኔ አንደኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም መንገዱ ነው። ከጫጫ እስከ ደብረ ሲና በግ፣ አህያ፣ ጋሪና የትምህርት ቤት ልጆች ከአስፋልቱ አይጠፉም፤ ጣርማበር አካባቢ ጭላዳዎች ድንገት መንገድ ይሻገራሉ። ሞተሩን 6,000 ዙር ላይ አድርሶ የሚነዳበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ቢኖርም ኃላፊነት የሚሰማው ሰው አያደርገውም። ለ140ው ደግሞ ሶማሌ ተራ ሄዶ የኮሮላ ዕቃ መፈለግ ይቻላል፤ የሚያውቀው መካኒክም አይታጣም። ለዚህ መኪና ትልቁ መተማመኛ ይህ ነው።

ጉድለቱ ዘይት መብላቱ ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት ላይ የፒስተን ቀለበቶቹ ዘይት በደንብ አይመልሱም። ቁልቁለቱ ይህንን ያጋልጠዋል። በማርሽ እየያዛችሁ፣ ቤንዚን ሳትሰጡ ረጅም መንገድ ውረዱና ሜዳ ላይ ስትደርሱ ቤንዚን ረገጥ አድርጉ። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ሌላው ችግሩ ዝቅተኛነቱ ነው፤ ከአስፋልት ወጥቶ ኮረኮንች ላይ ሲገባ አፍንጫው ይነካል።

ማዝዳ ኤምኤክስ-5

ለመንዳት ደስታ ብቻ ከሆነ ከአራቱ አንደኛ ይህ ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ቅንጣት ጥርጣሬ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ 1.6 ሊትር ሞተርና 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ደብረ ብርሃን ላይ ከዚያ የሚተርፈው 86 ገደማ ነው። ቁጥሩ ያሳንሰዋል፤ ነገር ግን መኪናው ከ1,000 ኪሎ በታች ነው፤ የሚነዳው በኋላ ጎማ፣ ክብደቱም ከፊትና ከኋላ እኩል የተከፋፈለ ነው። ከዋሻው በኋላ ባሉት ጠመዝማዛዎች መሪው እያንዳንዱን ኩርባ እጅ ላይ ያደርሳል፤ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንኳ ሰው እየነዳ እንደሆነ ይሰማዋል። ቁልቁለቱን ሲጨርስም ፍሬኑ ብዙ አይግልም፤ የሚይዘው ክብደት ትንሽ ነውና።

ጣሪያው የጨርቅ ነው፤ ይከፈታል። ጥቅምት ላይ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአደይ አበባ ሳለ ቀትር ላይ ከፍቶ ወደ አንኮበር መውጣት የዚህ መኪና ትልቁ ስጦታ ነው። ክረምት ላይ ግን ጣሪያውን ማየት ግዴታ ነው። ከጣሪያው የሚወርደውን ዝናብ የሚያስወጡት ቱቦዎች ሲደፈኑ ውሃው በሮቹ ሥር ያለው ብረት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ዝገቱ ከውስጥ ስለሚጀምር ከውጭ ሲታይ ዘግይቷል። ከበሩ ሥር፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ያለውን ቦታ በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉ። ቀለሙ አዲስ ከሆነ የተቀባበትን ምክንያት ጠይቁ። እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ በተሠሩት ላይ ደግሞ የክራንኩ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ የፊት ጫፍ ደካማ ነው፤ እዚያ ጫፍ ላይ ያለው የቀበቶ ፑሊ ሞተሩ ሲሠራ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተዉት። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የመጣው ሁለተኛው ትውልድ የኋላ መስታወቱ እውነተኛና የሚሞቅ በመሆኑ ለጣርማበር ጉም የተሻለ ነው፤ የፊተኞቹ ፕላስቲክ ነው፤ ይደበዝዛል።

ወንበሩ ሁለት ነው። ልጆች ያሉት ሰው ይህንን አስቦ ይግባ።

ቢኤምደብሊው 325 እና 328 ኩፔ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራው ባለ ሁለት በሩ ቢኤም ከአራቱ ጉልበተኛው ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ 190 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከፍታው ሩቡን ቢወስድበትም 140 ይተርፈዋል። ከሰንዳፋ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው ረጅም መንገድ የሚደርስበት የለም፤ ድምፁም ያምራል፤ ከኋላም ሰው ይቀመጣል።

ችግሩ ማቀዝቀዣው ነው። የውሃ ፓምፑ ውስጥ ያለው ክንፍ ብዙዎቹ ላይ ፕላስቲክ ነው፤ የራዲያተሩ አንገትና የውሃ ማጠራቀሚያውም እንዲሁ። ፕላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ አልፎ ሳይፈላ የሚቆየው በራዲያተሩ ክዳን ግፊት ብቻ ነው። ክዳኑ ከደከመ ወይም አንድ ቦታ ከፈሰሰ ጣርማበር ዳገት ላይ ይፈላል። የሙቀት መርፌው ደግሞ መሃል ላይ ረግቶ ይቆይና መነሳት ሲጀምር ጊዜ የለም፤ በዚያው ሰከንድ አቁማችሁ ሞተሩን ካላጠፋችሁ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል። ፓምፑ፣ ራዲያተሩ፣ ቴርሞስታቱና ቱቦዎቹ በቅርቡ መቀየራቸውን ደረሰኝ የማያሳይ ሻጭ ካጋጠማችሁ የሁሉንም ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀንሱ።

ከ1,300 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የደብረ ሲናን ቁልቁለት በሦስተኛና በሁለተኛ ማርሽ መውረድ ግድ ነው። ዝናብ ላይ ደግሞ ኩርባ ውስጥ ቤንዚን ያበዛ ሰው ኋላው ይሸሸዋል። ለልምድ ላለው ሾፌር እንጂ ለጀማሪ አልመክረውም።

አልፋ ሮሜዮ 2000

ጂቲቪ ኩፔውም ሆነ ጣሪያው የሚከፈተው ስፓይደር እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የ2 ሊትር ሞተር ነበራቸው፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ሁለት ካርቡራተር፣ አምስት ማርሽ፣ በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን። በዚያ ዘመን ይህን ሁሉ የያዘ መኪና ጥቂት ነበር፤ መልኩን ለማየት ብቻ ሰው መንገድ ይቆማል።

ካርቡራተር ግን ከፍታን አያውቅም። የኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ ያላቸው መኪኖች የአየሩን መሳሳት ለክተው ቤንዚኑን ይቀንሳሉ፤ ካርቡራተር በተሠራለት ልክ ማፍሰሱን ይቀጥላል። ደብረ ብርሃን ላይ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ሞተሩ ይንቀራፈፋል፤ ቤንዚን ይሸታል። መካኒኩ የቤንዚን ቀዳዳዎቹን አሳንሶ ለደብረ ብርሃን ካስተካከለው ደግሞ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ይግላል። ሁለቱንም በአንድ ልክ ማስደሰት አይቻልም። ቆላም ደጋም የምትነዱ ከሆነ ለቆላው እንዲስተካከል አድርጉ፤ የጠቆረ ካንዴላ ይጸዳል፤ በሙቀት የተበሳ ፒስተን ግን ሞተር ያስፈታል። የሁለተኛ ማርሽ ማስገቢያው ቀድሞ የሚያልቅ ነው፤ ከሦስት ወደ ሁለት ሲቀየር ከጮኸ ካምቢዮው መፈታቱ አይቀርም። ይህን መኪና የሚገዛው ካርቡራተር የሚያውቅ አንጋፋ መካኒክ በቅርቡ ያለውና ሌላ መኪና ያለው ሰው ነው።

ታዲያ የትኛው?

በኔ ሚዛን፣ አንድ መኪና ብቻ ላለው ባለትዳር 140 ጉልበቱ ሴሊካ ነው። የኋላ ወንበሩ ጠባብ ቢሆንም ለትንንሽ ልጆች ይበቃል፤ ሰኞም ሥራ ያደርሳል። ሌላ መኪና ላለው፣ ወይም ለብቻውና ለባለቤቱ ለሚገዛ፣ ያልዛገ ማዝዳ ከተገኘ ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን ይያዝ። ቢኤሙ ማቀዝቀዣው ሙሉ በሙሉ ከታደሰ ብቻ፤ አልፋው ለሚወደው ብቻ።

የትኛውንም ስትሞክሩ በማለዳ ሂዱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ያደረበት ሞተር እንዴት እንደሚነሳ እዩ፤ ኮፈኑን ዳስሳችሁ ቀድሞ አለመሞቁን አረጋግጡ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አስተያዩ፤ ሞተር ተቀይሮ ሊብሬ ላይ ካልተመዘገበ ስም ማዛወሩ ይከብዳል። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2315 ከሆነ በ2015 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ለቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚነዳ መኪና ጎማው ሳያልቅ ያረጃል፤ ጥርሱ ሙሉ ነው ብላችሁ አትመኑት።

የመንገዱን ደኅንነት ጠይቃችሁ ከሻጩ ጋር ዋሻው ድረስ ውጡና ወደ ደብረ ሲና ውረዱ። የፍሬን ፔዳሉ እየለሰለሰ ከሄደ የፍሬን ዘይቱ አርጅቷል፤ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል፤ ሁለቱም ዋጋ መደራደሪያ ናቸው። ሻጩ ከከተማው ሜዳ ወጥቶ ለመሞከር ፈቃደኛ ካልሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ።