የእርዳታ ሥራን በዶክትሬት ለማጥናት፦ አሜሪካ ወይስ አውሮፓ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እሁድ ቡና ላይ የማይቀር ክርክር ነው። ሰብዓዊ እርዳታን በአንትሮፖሎጂ (የሰውን ማኅበረሰብና ባህል በሚያጠናው ዘርፍ) ዓይን ማጥናት ለሚፈልግ፣ ወጪው ተሸፍኖለት የቱ ይሻላል?

ገንዘብ
አሜሪካ፦ የትምህርት ክፍያ ይሰረዝና የኑሮ ድጎማ ይሰጣል፤ በምላሹ ረዳት መምህር ሆኖ ማገልገል አለ። ለመስክ ሥራ ብዙ ጊዜ የአንትሮፖሎጂ ምርምርን በገንዘብ እንደሚደግፈው ዌነር-ግሬን ፋውንዴሽን ካሉት ለብቻ ማመልከት ነው።
ኖርዌይና ኔዘርላንድስ፦ ባብዛኛው ተቀጣሪ ነህ፤ ደመወዝ አለህ፣ ግብርም ትከፍላለህ።

ጊዜ
አሜሪካ፦ 5 ዓመት ቢባልም 7 መድረሱ አይገርምም።
አውሮፓ፦ 3 ወይም 4። ግን ማስተርስ ይጠየቃል፤ አሜሪካ በዲግሪም ይገባል።

ርዕስ
እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። አውሮፓ ብዙው ቦታ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ጥያቄውን ፕሮፌሰሩ ቀድመው ቀርጸውታል። አሜሪካ ግን የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ኮርስ ስለሆኑ ሐሳብ ለመቀየር ጊዜ አለ። ለምሳሌ ጎረቤቴ ከሰል በምታስቀምጥበት የእርዳታ ስንዴ ጆንያ ላይ «አይሸጥም» የሚለው ጽሑፍ እስካሁን ይነበባል። ማን ፈረመበት? ማን ሸጠው? ሰኔ 2015 ላይ የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ላልታለመለት እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ እደላ ሲያቆሙ፣ እደላውን ለማጥናት የተዘጋጀ ንድፍ ባንድ ሳምንት ሊያረጅ ይችል ነበር።

ማስተርስ ይዞ፣ ቤተሰብ እየረዳ፣ የተቀረጸ ፕሮጀክት ለሚስማማው አውሮፓ ትቀለዋለች። ከጆንያው ጀምሮ የራሱን ጥያቄ መከተል ለሚፈልግ፣ ትዕግሥቱም ካለው፣ አሜሪካ።