ምስጋናና ጥቆማ፦ ከአዘዞ ወደ ሆስፒታል ለምትመላለሱ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር ልጠቁማችሁ

እንዴት ሰነበታችሁ፣ የጎንደር ወገኖቼ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። «ጋሼ፣ ስሜን ከጻፉት ትራፊኮቹ በሙሉ ነው የሚያውቁኝ» አለኝ። ይቀልድ የምሩን ይሁን አልለየሁም፤ ከትራፊክ ጋር ያለበትን ጣጣ ስለማውቅ ግን እሺ ብዬዋለሁ። ስልኩን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ ይህን ፈቅዶልኛል።

ባለቤቴን ወገቧን ማመም የጀመራት አምና ሰኔ ላይ ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ኩላሊት ነው አሉን። ቀጥሎ የሄድንበት ደግሞ ዲስክ ነው ብለው ቀበቶ አሰሯት። በመሐሉ ያልዋጠችው ማስታገሻ የለም፤ ኋላ ስንሰማ ከዋጠችው አብዛኛው ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ ኩላሊት ጠላት ነው። ደሟ ወረደ፣ ቡና እንኳ ቆልታ ሳትጨርስ ትቀመጥ ጀመር። በመጨረሻ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ገባን። (አባቴ እስኪሞቱ ድረስ «ጤና ኮሌጅ» ነበር የሚሉት፤ በ1947 ዓ.ም ሲጀመር ኮሌጅ ነበርና።) ከዳሌ አጥንቷ መቅኔ ተቀድቶ ታየ፤ መልቲፕል ማይሎማ ሆነ።

ይህ የመቅኔ ካንሰር ነው። ፕላዝማ የሚባሉት ሴሎች ከልክ በላይ ይበዙና ደም የሚሠራበትን ቦታ ይይዙታል፤ አጥንት ያሳሳሉ፣ ኩላሊት ያውካሉ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ሲያሳየኝ አጥንቷ ነቀዝ እንደገባበት ዱላ ቦታ ቦታው ላይ ተበሳስቷል። ስንወጣ የተሰጠን ማስጠንቀቂያ አጭር ነበር፦ ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ እንዳትወድቅ፣ መንገድም እንዳያንገጫግጫት።

እኛ የምንኖረው አዘዞ ነው። ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ቀን የተሳፈርንበት ባጃጅ ጉብታ ላይ ሳያበርድ ወጣ። አልጮኸችም፤ እጄን ብቻ ያዘችኝ። የጥፍሯ ምልክት ሳምንት ሙሉ እጄ ላይ ነበር። ከሆስፒታል ስንመለስ በር ላይ ከቆሙት ባጃጆች መርጬ ሳይሆን ተራው የደረሰውን ያዝኩ። ልጁ ስትገባ አያትና «እማዬ፣ የት ቦታ ነው የሚያምዎት?» አላት። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃት ሐኪም ብቻ ነበር። ወገቤን ስትለው መሐል ላይ እንድትቀመጥ አደረጋት፣ የራሱን ጃኬት ጠቅልሎ ከጀርባዋ አስገባና 12ቱን ኪሎ ሜትር በአህያ ፍጥነት ነዳው። ከኋላችን ስንት ክላክስ እንደተነፋ እግዜር ይቁጠረው።

በዚያው ቀን ተነጋገርን። ሕክምናዋ ቦርቴዞሚብ የሚባል መርፌ ነው፤ ሆዷ ላይ ከቆዳ ሥር ትወጋዋለች። ማክሰኞና ዓርብ፣ በሚቀጥለውም ሳምንት ማክሰኞና ዓርብ፤ ከዚያ እስከ 21ኛው ቀን እረፍት። ይህ አንድ ዙር ነው። የታዘዘላት 6 ዙር፣ 24 መርፌ መሆኑ ነው። ልጁ የኪስ ደብተሩን አውጥቶ እስከ የካቲት ያሉትን ቀኖች እዚያው ቁጭ ብሎ ጻፋቸው። ሌሎች ደንበኞቹን በእኛ እረፍት ሳምንት ላይ አሸጋሸጋቸው።

ስለ ጉድጓድ ያስተማረኝ እሱ ነው። በአሸዋ ላይ በእንጨት እየሣለ እንዲህ አለኝ፦ መኪና ጉድጓድ ሲያጋጥመው በግራና ቀኝ ጎማው መሐል አድርጎ ይሻገረዋል። የባጃጅ የፊት ጎማ ግን መሐል ላይ ናት፤ የኋላዎቹን አድናለሁ ስትል የፊቷ ትገባልሃለች። ስለዚህ ጉድጓዱን በሩቁ አይቶ በሙሉ መሸሽ ነው እንጂ ማታለል የለም። ለጉብታው ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። ጥቂት ሲቀረው «እማዬ፣ ጉብታ!» ይላታል፣ ይቆማል ማለት ይቻላል፣ ከዚያ የፊቷን ጎማ ቀስ አድርጎ ካወረደ በኋላ የኋላዎቹን በሰያፍ ተራ በተራ ያወርዳል። ከሶፋ ሠሪ ቤት ወፍራም ስፖንጅ አስቆርጦ ወንበሩ ላይ አነጠፈ። የስፖንጁን ልክፈል ብለው «የባጃጇ ንብረት ነው» ብሎ ዘጋኝ።

በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴሏ ሲወርድ ሌላ ተሳፋሪ አይጭንም ነበር፤ የኮንትራት ዋጋውንም በዚህ ሰበብ አልጨመረብንም። አቧራ እንዳይገባ የጎኑን ሸራ ይዘጋል። ግን ከሁሉ የረዳኝ ሌላ ነገር ነው። አገራችንን ታውቁታላችሁ፤ የታመመ ሰው ያየ ሳይስም አያልፍም። መንገድ ላይ ባጃጇን አስቁመው ጭንቅላታቸውን አስገብተው የሚስሟት ዘመዶች ነበሩ። እኔ እንዴት ብዬ የአክስቷን ፊት ልመልስ? አልቻልኩም፣ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። እሱ ግን ወርዶ በሩ ላይ ይቆምና «ሐኪም መሳም ከልክሏል፣ ከዚሁ ይጸልዩላት» ይላል። እኔን «ባሏ አኮረፈ» ይሉኝ ነበር፣ እሱን ግን «ሥርዓት ያለው ልጅ» አሉት። ባዳ መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል።

ከመርፌው ጋር ዴክሳሜታሶን የሚባል ክኒን አለ። የወሰደችበት ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ በ8 ሰዓት ሌሊት ቁም ሣጥን አውጥታ ታጥፋለች። ጠባይዋም ይለወጣል፣ ቁጡ ትሆናለች። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ «ቀኝህን ያዝ፣ ያንን አህያ አላየኸውም?» እያለች እሱን መንዳት ስታስተምረው በመስታወቱ ያየኝና «ጋሼ፣ ዛሬ የክኒኗ ቀን ነው» ይለኛል። እሷ ራሷ ትስቃለች። በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሳቅ ውድ ነበርና ይህንንም ከኪራዩ ጋር ቆጥሬዋለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ሦስተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል አንድ ዓርብ እሷን ቤት ካስገባን በኋላ ልጁ አልሄደም። በር ላይ ቆሞ ባጃጇን የሚጠርግ መሰለ። ጠራኝና ከወንበሩ ሥር አንድ የእግር ጫማ አወጣ፣ የእሷን። «ጋሼ፣ ጫማዋ ሲወልቅ አላወቀችም። በባዶ እግሯ ነው ጠጠሩን ረግጣ የገባችው። ባለፈው ማክሰኞም እንዲሁ ሆኖ ነበር፤ እኔ ነኝ ያጠለቅሁላት። ለጋሼ እንዳትነግርብኝ ብላኝ ነበር።»

ገብቼ ጠየቅኋት። ካደች። እግሯን ስነካው የትኛውን ጣት እንደያዝኩ አታውቅም። ለካ ወር ሙሉ ሲደነዝዛት፣ ሌሊት እንደ መርፌ ሲወጋት ቆይቷል፤ ከተናገርኩ መድኃኒቱን ያቋርጡብኛል ብላ ፈርታ ነው። ለእኔ ያልተናገረችውን ለእሱ የነገረችው ለምን እንደሆነ ያኔ ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽም። አሁን ይገባኛል፤ እኔ እደነግጣለሁ፣ እሱ ደግሞ ጫማውን አጥልቆላት ይነዳል።

በነጋታው ለሐኪሙ ደወልኩ። መድኃኒቱ ነርቭ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፣ ዝም ከተባለ የማይመለስ ጉዳት ይሆናል፣ በጊዜ ከታወቀ ግን መጠን በመቀነስ ይያዛል አለኝ። ከአራተኛው ዙር ጀምሮ መጠኑ ተቀነሰላት፤ መርፌው አልተቋረጠም። መደንዘዙ ጨርሶ ባይለቃትም ጣቷን አሁን ታውቀዋለች። እባካችሁ፣ ይህን መርፌ የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ «አመመህ ወይ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ እግሩን ነክታችሁ ጠይቁት።

ሰውዬው መልአክ ነው እያልኩ አይደለም። ወሬ ያበዛል። ስለ እንግሊዝ ኳስ ማውራት ከጀመረ አዘዞ ደርሶም አያቆምም። አንድ ማክሰኞ ደግሞ ቤንዚን ሰልፍ ላይ አድሮ ሳይደርሰው ቀረና ጓደኛውን ላከ፤ ያ ቀን ለእሷ ክፉ ቀን ነበር፣ ዝርዝሩ ይቅር። ከዚያ ወዲህ ለእኛ ቀን የሚሆነውን ቤንዚን ከዋዜማው ጀምሮ ሳይነካ ያስቀምጥ ነበር። ገንዘብ ሲያጥረንም በዚያችው ደብተር ይጽፋል፤ ደመወዝ ሲወጣ እንተሳሰባለን። አንድ ጊዜ የእኔ ሒሳብ ከእሱ በ2 ጉዞ በልጦ ተገኘ፣ ተከራክረን እሱ አሸነፈ።

ለከተራ ከሰው መሐል መግባት ተከልክላ ስታለቅስ አደረች። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ሳንጠራው መጣ። ሰው ከማይበዛበት ዳገት ላይ ባጃጇን አቁሞ ሸራውን ከፈተላት፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ጥላውን በሩቁ አየች። ወርዳ መሬት ልትስም ስትል «እማዬ፣ ወገብዎት» ብሎ ያዛት። ቁጭ ብላ ተሳለመች።

24ኛው መርፌ የካቲት ላይ አለቀ፣ ምርመራውም ጥሩ ሆነ። ቀጣዩ ሕንድ ሄዳ የምታደርገው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። ይህን ስናገር ሰፈሩ ሁሉ «ማን ሊሰጣት ነው?» ይለኛል። የዕድራችን ዳኛ የራሳቸውን መቅኔ ሊሰጡ ቃል ገብተውልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሰጪ አያስፈልግም። ለዚህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ከራሷ ለራሷ ነው። ለጥቂት ቀናት ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ እየተወጋች ግንደ ሴሎቿ ከመቅኔ ወደ ደም ይወጣሉ፣ በማሽን ተለቅመው በቅዝቃዜ ይቀመጣሉ። ከዚያ ሜልፋላን የሚባል ከባድ ኬሞ ይሰጣትና መቅኔዋን ያጸዳዋል። ያን ጊዜ በረዶ እየመጠጠች ነው የምትወስደው፤ አፏ እንዳይቆስል። በኋላ የራሷ ሴሎች እንደ ደም በደም ሥሯ ይመለሱላታል። ቢላ የለም፣ መቅደድ የለም። አስቸጋሪው ነጭ ሴሎቿ እስኪመለሱ ያሉት 2 ሳምንት ገደማ ነው፤ ያኔ ተራ ጉንፋን እንኳ አደጋ ነው።

ለዚህ የሚደረገው ዝግጅት ከመርፌው በላይ አሯሯጠን። የልብ አልትራሳውንድ፣ የሳንባ፣ የጉበት ቫይረስ ምርመራ። ጥርስም ታየላት፤ የተበላሸ ጥርስ በዚያን ጊዜ የኢንፌክሽን በር ስለሚሆን 2 ተነቀለላት። የሜዲካል ቦርድ ወረቀት፣ የባንክ የውጭ ምንዛሪ፣ ፓስፖርት፣ የሕንድ ቪዛ። ወረቀት ለማስፈረም እኔ ፒያሳ ስሯሯጥ ልጁ ከእሷ ጋር ጥላ ሥር ይቆያል። የቆየበትን አያስከፍልም፤ ይህን ስታዩ እናንተ ራሳችሁ ጨምሩለት።

ሐሙስ እንሄዳለን። ከንጋቱ 11 ሰዓት መጥቶ ወደ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደን እሱ ነው። ሻንጣውን ሌላ ባጃጅ ይጭናል፤ እሷ ከሻንጣ ጋር አትጓዝም ብሎ ወስኗል፣ እኔም አልተጠየቅሁም።

ሕንድ ከ2 ወር በላይ እንቆያለን ተብለናል። እስካሁን ማክሰኞና ዓርብን ለእኛ ይዞ ነው የቆየው፤ ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ያለው ቦታ ክፍት ነው። አዘዞም ሆነ ማራኪ አካባቢ ሆናችሁ ለኬሞ፣ ለኩላሊት እጥበት ወይም አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የምትመላለሱ ካላችሁ ቶሎ ጻፉልኝና ላገናኛችሁ። ስትደውሉለት ካላነሳ እየነዳ ነው፤ ቆሞ ራሱ ይደውላል። ስፖንጁ እዚያው ባጃጇ ላይ ነው። ከጀርባዋ የምታደርገውን ትራስ ግን እሷ ይዛው ትሄዳለች፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።