አባዬን ያስገባሁበት የመንዳት ማደሻ ስልጠና
አባዬ 74 ዓመቱ ነው። «አርባ ዓመት ነድቼ ደሞ ማን ሊያስተምረኝ!» እያለ በስንት ልመና ነው ይሄ ለአረጋውያን የሚሰጥ ስልጠና ውስጥ የገባው። አሰልጣኙ ጎበዝ ነው፤ አልተቆጣም፣ አላሾፈም። አንገቱ እንደ ድሮው ስለማይዞር በስፖኪዮ ብቻ እየተማመነ ከጎኑ ያለውን መኪና እንደሚስተው አብሮት እየሄደ አሳየው። በዕድሜ የዓይን ብሌን ስለሚጠብ ማታ የሚገባው ብርሃን እንደሚቀንስ፣ ከፊት የሚመጣ መብራት ካጭበረበረው በኋላም ዓይኑ ቶሎ እንደማይመለስ ነገረው። እንቅልፍ ስለሚያመጡ መድኃኒቶች ግን ሁለት ቃል ብቻ! ቅር ያለኝ እሱ ነው። የሚሰጡት ወረቀት ጽሑፉም ደቃቅ ነው፣ ለአረጋውያን እኮ ነው ጎበዝ! አባዬ አሁን ሲመሽ ቁልፉን ለኔ ይሰጣል። ፍሬቻ ማሳየት ግን ዛሬም ይረሳል።