ካዛንቺስ ላይ የገዛሁት ማስተርስ

ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ በሉኝ፤ የእኔ ገንዘብ ሄዷል። ይህን የምጽፈው «የመጨረሻ የምዝገባ ሳምንት» የሚል መልእክት በቴሌግራም ደርሷችሁ ነገ ጠዋት ባንክ ልትሄዱ ላሰባችሁ ነው። በተለይ በግብርና፣ በደንና በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች በመጀመሪያ ዲግሪ ተቀጥራችሁ፣ የደረጃ ዕድገት በወጣ ቁጥር «ሁለተኛ ዲግሪ ያለው» የሚለው መስመር ላይ ለምትቀሩት። የሐሰት ዲግሪ ሻጮቹ የሚያጠምዱት እናንተን ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። ቢሮው ካዛንቺስ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ግድግዳውን ሙሉ የያዘ የዓለም ካርታ፣ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ባንዲራዎች፣ ሳይጠየቅ የሚመጣ ሻይ። ክራባት ያሰረው ሰው «ወንድሜ» እያለ አስረዳኝ፦ በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በኢንተርኔት፣ በአሥር ወር፣ ያለ መግቢያ ፈተና፣ ያለ መመረቂያ ጽሑፍ፣ በጠቅላላው 1,800 ዶላር። ለምዝገባ 300፣ ሰኔ ላይ 900፣ መስከረም ላይ የቀረው 600።

በዚያው ዓመት ነው ደግሞ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና በአገር ደረጃ መሰጠት የጀመረው። በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም ማስተርስ ለመማር እሱን ማለፍ ግድ ሆኖ ነበር። ስምንት ዓመት ከሒሳብ ርቄያለሁ፤ ፈተናው አስፈርቶኛል። «ያለ መግቢያ ፈተና» የሚለውን ስሰማ ጆሮዬ የቀረውን መስማት አቆመ። እውነቱን ለመናገር የተሸጠልኝ ትምህርት ሳይሆን ከፈተናው ማምለጫ ነው። ገበያቸውም በዚህ የቆመ ይመስለኛል።

ዕውቅና እንዳለው ጠይቄ ነበር፤ ሞኝነቴ እዚያ ድረስ አልነበረም። ሰውየው በመስታወት የተሸፈነ ሰርተፍኬት ከግድግዳው አውርዶ እጄ ላይ አስቀመጠው። የወርቅ ቀለም ማኅተም፣ የንስር ምስል፣ «ዓለም አቀፍ» የሚል ቃል ሦስት ጊዜ። እኔም የማኅተሙን ድምቀት አይቼ ረካሁ። ያልጠየቅሁት ሰርተፍኬቱን የሰጠው ማን እንደሆነ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ዕውቅና የሚሰጠው መንግሥት ሳይሆን ዕውቅና ሰጪ ድርጅቶች ናቸው፤ የአገሪቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ደግሞ ከእነዚህ ድርጅቶች የትኞቹን እንደሚቀበል በዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ በኢንተርኔት ማንም ሰው በነጻ የሚያየው ነው፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም ጽፎ መፈለግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለት ደቂቃውን ያጠፋሁት ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲውም የለም፣ ዕውቅና የሰጠው «ምክር ቤት»ም የለም።

ትምህርቱ ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። በኢሜይል ስድስት ሞጁል ተላከልኝ። የመጀመሪያው ስለ አፈር ጥበቃ ነው፤ በ1930ዎቹ (በአውሮፓውያን) የአሜሪካን ሜዳ ስለመታው የአቧራ ማዕበልና በ1935 ስለተቋቋመው የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይተርካል። መጥፎ ታሪክ አይደለም፤ ማወቁ ይጠቅማል። ግን ስለ ኮንሶ እርከን አንድ መስመር የለበትም፤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውን፣ እኔ በመጀመሪያ ዲግሪዬ ሄጄ በእግሬ የወጣሁትን። የአፈር መከላትን የሚያሰላው ቀመርም በአሜሪካ ዝናብና በአሜሪካ አፈር ቁጥሮች ብቻ ነው የቀረበው። እዚህ አገር በዚህ ሙያ የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ቀመሩን በ1985 (በአውሮፓውያን) ለኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች አስተካክሎታል፤ አንዲት ጢድና አንጀኒ የነበሩት የምርምር ጣቢያዎች መረጃ ዛሬም ይጠቀሳል። ይህን ጠቅሼ ለ«አስተማሪዬ» ጻፍሁለት። መልሱ «ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» የሚል ነበር።

አራተኛው ሞጁል ላይ የመስክ ሥራ አለ። «በአካባቢዎ ያለ የተሸረሸረ መሬት ፎቶ አንሥተው ከትንታኔ ጋር ይላኩ» ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ግንፍሌ ወንዝ ዳር ወርጄ ዳርቻው የተናደበትን ቦታ አነሣሁ፤ ማታ ተቀምጬ አራት ገጽ ጻፍሁ። ተሳስቼ ሌላ ፋይል እንደላክሁ ያወቅሁት በማግስቱ ነው፦ የላክሁት የመብራት ክፍያዬን ደረሰኝ ፎቶ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ኢሜይሌን ስከፍት ውጤቱ ቀድሞኝ መጥቷል። «እጅግ ጥሩ ትንታኔ። ኤ።» የመጣበትን ሰዓት ስመለከት ከላክሁ አራት ደቂቃ በኋላ ነው። ያን ቀን ሁሉንም ትቼ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም፤ 1,200 ዶላር ከፍዬ ነበርና።

እዚህ ላይ ስለ ዶላሩ። ውሉ ላይ «ክፍያው በዶላር ተሰልቶ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ በብር ይከፈላል» የሚል አንቀጽ አለ። ስፈርም አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ የቀረኝ 600 ዶላር ወደ 34,000 ብር ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው፤ በሳምንታት ውስጥ ዶላር መቶ ብርን አለፈ። መስከረም ላይ የተጠየቅሁት ከ66,000 ብር በላይ ነው። ደመወዜ አላደገም። በዚያ ላይ 60 ዶላር «ለካርታ ሥራ ሶፍትዌር ፈቃድ» ጨመሩብኝ። ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ ነው። ለማያውቀው ሰው፦ ኪውጂአይኤስ ለዓለም ሁሉ ነጻ ነው፤ የላንድሳት የሳተላይት ምስሎችም ከ2008 (በአውሮፓውያን) ጀምሮ ነጻ ናቸው። በነጻ የሚታደል ነገር ሸጡልኝ፤ እኔም ከፈልሁ። ለምን ብትሉኝ ለመመረቅ አራት ወር ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

ዲግሪው የካቲት 2017 ላይ በፖስታ መጣ። ወፍራም ወረቀት ነው፤ እናቴ እልል ብላለች። መሥሪያ ቤቴ የሰው ሀብት አስተዳደር ይዤው ስገባ የፋይል ኃላፊዋ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ መልሳ ፊቱን አየች፣ ከዚያ «የአቻ ግምቱስ?» አለችኝ። ከውጭ የመጣ ዲግሪ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተመርምሮ አቻ ግምት ካልተሰጠው ለደረጃ ዕድገት አይያዝም። ምርመራው ደግሞ የሚነሣው ከአንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ ተቋሙ በራሱ አገር የታወቀ ነው ወይ? የእኔ አይደለም። ነገሩ እዚያው አለቀ። ወረቀቱ አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እናቴ ለምን ግድግዳ ላይ እንዳልሰቀልሁት ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች።

ወደ ቢሮው ተመልሼ ልጣላ ሄድሁ። ሕንፃው የለም። የካዛንቺስ ፈረሳ ጠርጎታል፤ በቦታው አጥርና የመሬት መቆፈሪያ ማሽን ነው ያለው። ይህን እንኳ በእነሱ ላይ አላሳብብም፣ ስንቱ ሐቀኛ ነጋዴም ተነሥቷል። ግን ሐቀኛው የት እንደገባ ለደንበኛው ይነግራል። የእነሱ ስልክ ይጠራል፤ «አዲሱ ቢሯችን በቅርቡ ይገለጻል» ይላሉ፤ ይህን ካሉኝ ወራት አልፈዋል።

የጓደኛዬ ጉዳይ ለየት ይላል፤ እሷ የገዛችው እውነተኛ ነገር ነው። እነዚሁ ሰዎች «በጀርመን በነጻ ማስተርስ» ብለው 35,000 ብር ተቀበሏት። ጀርመን ውስጥ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አለመጠየቃቸው እውነት ነው። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ ይቀበላል፤ ያመለከቱላት እዚያ ነው። ማመልከቻውን ተማሪው ራሱ መሙላት ይችላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚጠቀሙበት ዩኒ አሲስት በሚባለው የማመልከቻ ድርጅት የመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ ተጨማሪው እያንዳንዱ 30 ዩሮ ነው። ዋናውን ግን አልነገሯትም፦ ለቪዛ በተዘጋ የባንክ ሒሳብ የአንድ ዓመት የኑሮ ወጪ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ከመስከረም 2024 (በአውሮፓውያን) ጀምሮ 11,904 ዩሮ። የተቀባይነት ደብዳቤዋ መጥቷል፣ በእጇ ይዛ ቀርታለች።

ያንኑ ጀርመን በትክክለኛው በር መግባት ይቻላል። የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ ዳድ የምንለው፣ ከልማት ጋር ለተያያዙ የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች ሙሉ ድጋፍ ይሰጣል። ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የመጀመሪያ ዲግሪው ከስድስት ዓመት በላይ ያስቆጠረ መሆን የለበትም፤ ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቅም። የእኔ ስምንት ዓመት ሆኖታል፣ አለፈኝ። የእናንተ ካላለፈ ዛሬ ተመልከቱ።

አገር ውስጥ ለመማር ለምታስቡ፣ የሰው ገንዘብ የሚበላው ዋና መደናገር እዚህ ነው፦ «ተቋሙ ዕውቅና አለው» ማለት ፕሮግራሙ ዕውቅና አለው ማለት አይደለም። ባለሥልጣኑ ለግል ተቋም ፈቃድ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ በየደረጃው ነው። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ በዚያ ፈቃድ በተፈጥሮ ሀብት ማስተርስ ሊያስመርቃችሁ አይችልም። በመደበኛ የተፈቀደውም ለርቀት ትምህርት አያገለግልም። ስለዚህ ደብዳቤውን ሲያሳዩአችሁ ማኅተሙን አልፋችሁ የትምህርቱን ስም፣ ደረጃውን፣ ካምፓሱን፣ የማስተማሪያ ዘዴውንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። ከዚያ ፎቶ አንሥታችሁ ባለሥልጣኑ ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። ፎቶ ማንሣት ከከለከሏችሁ ሻዩን ሳትጨርሱ ተነሡ።

የመንግሥቶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ውድ ይመስሉኝ ነበር። ክፍያቸውን ያየሁ እንዳይመስላችሁ፤ የፈራሁት ፈተናውን ነው፣ ሰበቤ ግን ገንዘብ ነበር። ከካዛንቺሱ ቢሮ አራት ኪሎ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ካምፓስ በር እዚያው ነው፣ የአካባቢ ሳይንስ ማስተርስ ይሰጣል። ሻሸመኔ አጠገብ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወንዶ ገነት አለ፤ ደንና የተፈጥሮ ሀብት ብሎ የተቋቋመ፣ ዙሪያው ራሱ ላቦራቶሪ የሆነ ግቢ። ሐረማያ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳርም በመስኩ ያስተምራሉ። በመሥሪያ ቤት ድጋፍ ደብዳቤ የሚገባ ባልደረባም አለኝ፤ ደብዳቤውን ለማግኘት ሁለት ዓመት ለምኗል፣ ግን አገኘ።

እዚያም ቢሆን የሴሚስተሩን ክፍያ ብቻ ይዛችሁ አታስሉ። በእኛ ሙያ ወጪው ያለው መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ነው። ስልሳ የአፈር ናሙና ሰብስባችሁ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ኦርጋኒክ ካርቦን ማስመርመር፣ የመስክ መኪና፣ መረጃ ሰብሳቢ፣ አበል። ከመመዝገባችሁ በፊት የትምህርት ክፍሉን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የላቦራቶሪውን ወጪ ማን ይሸፍናል? አማካሪያችሁ የሚሆኑት መምህር አሁን ስንት ተማሪ ይዘዋል? አንድ መምህር ሃያ ተማሪ ከያዙ ሁለት ዓመቱ አራት ይሆንባችኋል፤ ርካሹም እዚያ ላይ ይወደዳል። ገንዘብ የሚያጥራችሁ ከሆነ በሳተላይት ምስል የሚሠራ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ጥናት ከአፈር ናሙና ይልቅ ይቀላችኋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ በቁጥር 813/2006፣ አሳሳች ማስታወቂያ የተከለከለ ነው፤ አቤት ማለት ይቻላል። የእኔ ችግር ማስረጃ ነው። ሁለት ጊዜ የከፈልሁት በድርጅቱ ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ሒሳብ ነው፤ ደረሰኝ ብለው የሰጡኝ የግብር ከፋይ ቁጥር የሌለበት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ሲያስከፍሉኝ «ለፍጥነት ነው» ብለውኝ ነበር። የባንክ ወረቀቶቼን ግን አልጣልኋቸውም።

በዚያው ሒሳብ ያስገቡ ሌሎች አራት ሰዎች እስካሁን አግኝቻለሁ። ማመልከቻውን በጋራ ለማስገባት ተስማምተናል። ካዛንቺስ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታችሁ ያንን ሻይ የጠጣችሁ ካላችሁ የባንክ ወረቀታችሁን ዋናውን ፈልጉ፤ ከወረቀቱ ይልቅ ቀለሙ ቀድሞ ይጠፋልና ዛሬውኑ ኮፒ አድርጉት።