የምግብ ማጓጓዣ ቦርሳ ሲገዙ፦ ከብርማው ሽፋን በፊት ውፍረቱን ይዩ

ገበያ ላይ «ሙቀትና ቅዝቃዜ ጠባቂ» እየተባሉ የሚሸጡ ቦርሳዎች ሲከፈቱ ሁሉም ውስጣቸው ያብረቀርቃል። የሻጩም መግለጫ ለሁሉም አንድ ነው፤ «ቀኑን ሙሉ ያቀዘቅዛል» ይላል። ቦርሳ ግን አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው በረዶ ነው፣ የሚያሞቀውም እሳት። የቦርሳው ሥራ ሙቀት በግድግዳው የሚያልፍበትን ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ የሚገባን በስንት ኪሎ በረዶ ስንት ሰዓት እንደሚያቆይ ነው። ብዙውን ጊዜ መልስ አይኖረውም፤ እኛው ማስላት እንችላለን።

የምንጠብቀው ልክ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚሰጠው ምክር ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ቀዝቃዛ ከሆነ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ትኩስ ከሆነ ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ መቆየት አለበት። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። በ5 እና በ60 መካከል ያለው ለጀርሞች የሚመች ነው፤ ጥሩ ቦርሳ የሚባለውም መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ ምግቡን ከዚህ መካከል የሚያርቀው ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ርዝመቱ 40፣ ከፍታው 35፣ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ ቦርሳ እንውሰድ። ውጪው 25 ዲግሪ፣ ውስጡ 3 ዲግሪ ይሁን። አስቀድሞ የቀዘቀዘ ዕቃና 1 ኪሎ በረዶ ከተን ሳንከፍት ብናስቀምጠው፣ ግድግዳው 4 ሚሊ ሜትር የሆነው ስስ የገበያ ቦርሳ በረዶውን 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ያቆየዋል። ሞተረኞች የሚያዝሉት ባለ 1 ሴንቲ ሜትር ቦርሳ 2 ሰዓት ተኩል ያህል ይቆያል። ባለ 3 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ ቦርሳ 5 ሰዓት ተኩል፣ ባለ 4 ሴንቲ ሜትር የነጭ ፎም ሳጥን ደግሞ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይደርሳሉ። ይህ ስሌት በዚፕ የሚገባውን አየር፣ ፀሐይንና መክፈት መዝጋቱን አይቆጥርም። በተግባር ሁሉም ከዚህ ያንሳሉ፤ የደረጃቸው ቅደም ተከተል ግን ያው ነው።

ስለ ብርማው ሽፋንም አንድ ነገር ልበል። የሚያብረቀርቅ ገጽ በጨረር መልክ የሚመጣን ሙቀት ይመልሳል፤ ለዚህም ከፊቱ ክፍት አየር ሊኖር ይገባል። ከወተቱ ወይም ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥ በንክኪ የሚተላለፈውን ሙቀት አያቆምም። ያንን የሚያቆመው ከጀርባው ያለው ፎም ነው። ሽፋኑ ለመጥረግና እርጥበት ለመከላከል ይጠቅማል፤ ለእርሱ ብቻ ተብሎ ግን ተጨማሪ ገንዘብ አይከፈልም።

ስሱን የገበያ ቦርሳ በአጭሩ ልለፈው። ከሱፐርማርኬት እስከ ቤት ለሚወሰድ የላስቲክ ወተት፣ እርጎና አይብ ይበቃል፤ ታጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚሆን ጉዞ ግን አላምነውም።

የሞተረኛው ቦርሳ

እዚህ ላይ ምርጫው የሚወሰነው በሚጫነው ምግብ ዓይነት ነው። 3 ኪሎ ወጥ በ80 ዲግሪ ሙቀት ባለ 1 ሴንቲ ሜትር ቦርሳ ውስጥ ቢገባና ውጪው 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ወደ 60 ለመውረድ 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ባለ 3 ሴንቲ ሜትሩ ይህንን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያደርሰዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከቦሌ ወደ ጉለሌ ትራፊክ በሚበዛበት ሰዓት ለሚላክ ምግብ 45 ደቂቃ ጠባብ ነው፤ በአንድ ሰፈር ዙሪያ ለሚያደርስ ምግብ ቤት ግን ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የሩቁን ደንበኛ ሰዓት ይቁጠሩ።

ለትኩስ ምግብ ከሙቀቱ እኩል የሚያስቸግረው እንፋሎት ነው። ገና እየፈላ በሸክላ የሚወጣ ተጋቢኖ በጥብቅ የተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ ጣሪያው ላይ ጠል ይሆናል፤ ጠሉም እንጀራው ላይ ይንጠባጠባል። ደርሶ ሲከፈት እንጀራው ጫፉ ረጥቦ፣ ዓይኑ ጠፍቶ ይገኛል። የተጠበሰ ድንችም እንደዚያው ይለሰልሳል። ስለዚህ ለትኩስ ምግብ ጎኑ ላይ በክዳን የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ያለው፣ ውስጡም በግድግዳ የሚከፈል ቦርሳ ይመረጣል። ወጡ በአንዱ ክፍል፣ እንጀራው በወረቀት ተጠቅልሎ በሌላው ይቀመጣል። ለቀዝቃዛ ዕቃ ግን ያው ቀዳዳ ጉዳት ነው፤ «ለሁለቱም ይሆናል» የሚባለው ቦርሳ ከሁለት አንዱን ይበድላል።

ትኩስና ቀዝቃዛ የሚያደርስ ቤት ሁለት መካከለኛ ቦርሳ ቢገዛ ከአንድ ትልቅ ይሻለዋል። ትልቅ ቦርሳ ግማሹ ባዶ ሲሆን በከፈቱት ቁጥር ያ ሁሉ አየር ይቀያየራል። ክትፎ የሚሸጡ ቤቶች ደግሞ ለብቻው ሊያስቡበት ይገባል። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ በባሕርይው ከ5 በላይ ከ60 በታች ነው፤ የትኛውም ቦርሳ ከዚያ አያወጣውም። የሚያድነው የመንገዱ ማጠር ብቻ ነው።

ወፍራም ለስላሳ ቦርሳ ወይስ የፎም ሳጥን?

ብዙ ሰው የሚያመነታው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። አሳ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በጾም ወራት ከአርባ ምንጭ ቆሮሶና ነጭ አሳ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ጉዞው የሙሉ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ለሞቃት አገር የሚመክረው ልክ ለ1 ኪሎ አሳ 1 ኪሎ በረዶ ነው። የተፈጨ በረዶ ቦታ ስለሚወስድ፣ በዚህ ልክ ከተጫነ ባለ 40 ሊትር ሳጥን የሚይዘው ከ10 እስከ 12 ኪሎ አሳ ነው። ሻጩ «ሠላሳ ኪሎ ይችላል» ሲል የሚናገረው በረዶ ስለሌለበት ሳጥን ነው።

ነጭ ፎሙ በቅዝቃዜ ይበልጣል፣ በዋጋም ይረክሳል። ችግሩ ዕድሜው ነው። ጥጉ ይፈረፈራል፣ ክዳኑ ከጥቂት ጉዞ በኋላ አይገጥምም፣ የአሳው ደምና ሽታ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ በሳሙና አይወጣም። የቀለጠው ውኃ መውጫ ካልተበጀለት አሳው በቆሸሸ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይውላል፤ መውጫ ከተበጀለት ደግሞ አውቶቡስ ላይ የሰው ሻንጣ ላይ ይፈሳል። ለአንድ ሁለት ጉዞ፣ በራስ መኪና ጀርባ ለሚጫን ዕቃ እገዛዋለሁ፤ ለዘወትር አልገዛውም።

ለስላሳው ወፍራም ቦርሳ ሁለት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ያጎድላል፤ በምትኩ ይታጠባል፣ በትከሻ ይያዛል፣ ባዶውን ሲመለስ ቦታ አያጣብብም። ይህ የሚሆነው ግን ውስጡ በሙቀት ተያይዞ የተሠራ ከሆነ ነው። በመርፌ የተሰፋ ሁሉ ያፈሳል፤ ውኃው ስፌቱን አልፎ ፎሙ ውስጥ ይገባና ቦርሳው በሳምንቱ ይሸታል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚነግድ ሰው ሁለቱንም ትቼ ግድግዳው ፖሊዩሪቴን በሚባል ጠንካራ ፎም የተሞላ፣ ከታች የውኃ መውጫ ቡሽ ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን እመርጥለታለሁ። በእኩል ውፍረት ከነጭ ፎም የበለጠ ሙቀት ይከለክላል፤ ከባድ ነው፣ ውድም ነው፣ ዕድሜው ግን ዓመታት ነው።

ከሱቁ ሳይወጡ የሚደረግ ፍተሻ

ግድግዳውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠው ይጫኑት። ሁለቱ ጣቶች በቀላሉ የሚገናኙ ከሆነ «ወፍራም» የተባለው አየር ነው። ቀጥሎ ክዳኑን እንዲሁ ይጫኑ። ብዙ አምራቾች ጎኑን ወፍራም አድርገው ክዳኑን ከሁለት ጨርቅና ከስስ ላስቲክ ይሠሩታል፤ ቀደም ሲል በጠቀስነው መጠን ክዳኑ ከጠቅላላው ገጽ ስድስተኛውን ይይዛል፣ ዚፑም ያለው እርሱ ላይ ነው። ከዚያ የስልክዎን መብራት አብርተው ውስጡ ያስቀምጡና ዘግተው ጨለማ ጥግ ላይ ይመልከቱት። በዚፑ ጫፍና በስፌቱ ላይ ብርሃን ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከታየ፣ በዚያው መንገድ አየር ይመላለሳል። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም አያስቡ፤ ጥሩ ዕቃ የያዘ ሻጭ ራሱ ያበራልዎታል።

ቀለሙም ይታይ። ጥቁር ቦርሳ ሞተር ላይ ፀሐይ ሲመታው ከነጭ ወይም ከግራጫ ይልቅ ይግላል። ለክረምቱ ደግሞ ዚፑን የሚሸፍን ተደራቢ ጨርቅ ያስፈልጋል።

በረዶው

ሰማያዊ ጌል ያለበት የማቀዝቀዣ ጥቅል ከበረዶ የበረታ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የተለመደው ዓይነት አብዛኛው ውኃ ነው፤ በኪሎ የሚሰጠው ቅዝቃዜም ከበረዶ አይበልጥም። ጥቅሙ አለማፍሰሱ ነው። ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውኃ ሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ማድረግ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ውኃ በረዶ ሲሆን አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚሰፋ አንገቱ ላይ ቦታ ይተዉለት። ባለ ግማሽ ሊትር ሁለቱ 1 ኪሎ በረዶ ማለት ናቸው። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ከላይም ይደርድሩት።

ከፍሪዘር እንደወጣ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያለ በረዶ ሰላጣን፣ እንቁላልን፣ ከሁሉም በላይ ኢንሱሊንን ሊያበላሽ ይችላል፤ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ በረዶ ከሠራ ይጣላል። የክትባት ሳጥን የሚያዝሉ የጤና ባለሙያዎች ለዚህ የቆየ ዘዴ አላቸው። የበረዶውን ጥቅል አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይተዉትና ሲነቀንቁት ውስጡ ውኃ መንቀሳቀሱ ሲሰማ ብቻ ይጭኑታል። በዚያን ጊዜ በረዶው ዜሮ ዲግሪ ላይ ደርሷል፤ የያዘው ቅዝቃዜ ግን አብዛኛው ገና አልተነካም።

ለበዓል ከገጠር የቅርጫ ሥጋ የሚያመጡ ደግሞ ይህን ያስተውሉ። አሁን የታረደ ሥጋ ትኩስ ነው፤ ቦርሳው ያንን ሙቀት በታማኝነት ይጠብቅለታል። በ30 ዲግሪ የገባ 10 ኪሎ ሥጋ ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ ብቻ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ በረዶ ይቀልጣል፤ የመንገዱ ሌላ ነው። ሥጋውን በትንንሹ ከፋፍሎ፣ ከተቻለ በማቀዝቀዣ አሳድሮ መጫን ከየትኛውም ውድ ቦርሳ ይበልጣል። ቋንጣ፣ ጭኮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ግን በአገልግል የሚጓዙ ስንቆች ናቸው፤ ለእነርሱ ብሎ ይህን ሁሉ መግዛት አያስፈልግም።

መኪና ላይ በ12 ቮልት የሚሰካው የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ሳጥንስ? ሁለት ዓይነት አለው፤ ሲታዩም ይመሳሰላሉ። ኮምፕሬሰር የሌለው ርካሹ ከውጪው አየር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ዝቅ ያደርጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ በቂ ነው፤ ሰመራ በ40 ዲግሪ ሙቀት ግን ወተቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ላይ ይውላል። ወደ አፋር ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚመላለስ ሰው ኮምፕሬሰር ያለውን ይግዛ፣ ካልቻለ በበረዶ ሳጥን ይቆይ። ሁለቱም ሞተሩ ጠፍቶ ከተሰኩ የባትሪ ጠላት ናቸው፤ 50 ዋት የሚስብ ዕቃ በሰዓት 4 አምፔር ሰዓት ገደማ ከባትሪው ይወስዳል።

በአውሮፕላን ለሚጓዝ ዕቃ ከቦርሳው በፊት የመድረሻው አገር ሕግ ይጠየቅ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም፤ ቅቤና አይብ በየትኛውም ቦርሳ ቢታሸጉ ጉምሩክ ላይ ይቀራሉ። አሳ፣ ትኩስ ከሆነ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ እስከ 20 ኪሎ ይፈቀዳል። ደረቅ በረዶ፣ ማለትም የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ለመጠቀም የሚያስብ ደግሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ለአንድ መንገደኛ የሚፈቀደው እስከ 2.5 ኪሎ ነው። ደረቅ በረዶ ሲተን ጋዝ ስለሚሆን ከላይ ያመሰገንኩት አየር የማያስወጣ ቦርሳ ለእርሱ ፈጽሞ አይሆንም፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ቦርሳውን ያፈነዳዋል። ለዚህ ያ የሚፈረፈረው የነጭ ፎም ሳጥን፣ ክዳኑ ሳይታሸግ፣ ይሻላል።