አሮጌ ጀልባ ገዝቶ ቤት ለማድረግ፦ ብረት፣ ፋይበር ወይስ እንጨት?

ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ያረጀ ጀልባ ገዝታችሁ መኝታና ማብሰያ ያለው ተንሳፋፊ ቤት ልታደርጉት ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ሆዱን እዩ። ቀለሙም መቀመጫውም ይቀየራል። ከውሃ በታች ያለው አካል ከተበላ ግን የቀረውን ወጪ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚወዳደረው ጀልባው የተሠራበት ነገር ነው።

እኔ ብረቱን እመርጣለሁ። ሀዋሳ ላይ ጎበዝ በያጅ ማግኘት አይቸግርም፤ ላሜራውም ዝገት የሚከላከለው ቀለም (አንቲረስት)ም ከከተማው ይገኛል። ጠላቱ ዝገት ነው። ዝገቱ ደግሞ ከውጭ ብቻ አይመጣም፤ ወለሉ ሥር ውሃ ከሚተኛበት ቦታ ተነስቶ ከውስጥ ይበላል። ሻጩ ቅር ቢለውም ወለሉን አስነሱ። ብረቱን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ደፈን ይላል። ከተቻለ ውፍረቱን በአልትራሳውንድ መለኪያ አስለኩ። እንግሊዝ አገር ቦይ ላይ ሰው የሚኖርባቸው የብረት ጀልባዎች ብዙ ጊዜ የታችኛው ብረታቸው 10፣ የጎናቸው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሆኖ ይሠራሉ። ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ሲሳሱ ኢንሹራንሶች ያንገራግራሉ። ለማነጻጸሪያ ያዙት። የሳሳው ላይ አዲስ ላሜራ መደረብ ይቻላል፣ ግን ክብደት ስለሚጨምር ጀልባው ጠልቆ ይቀመጣል። ከሥሩ የሚታሰርና በጀልባው ፈንታ የሚበላ ብረትም አለ። ለባሕር ዚንክ ነው፤ ጨው ለሌለው ውሃ ግን ማግኒዚየም ግዙ።

ፋይበር (በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ) አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ትንሽ ሞተርም ይገፋዋል። ቤተሰብ ይዞ ቅዳሜና እሁድ ለመዝናናት ከሆነ እሱን ብትወስዱ አልከራከራችሁም። ሆኖም ለዓመታት ውሃ ላይ የቆየ ፋይበር ውሃ ይጠጣል። ሥሩ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ታያላችሁ፤ ሲፈነዳ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። መፍትሔው ልጦ፣ በደንብ አድርቆ፣ ኢፖክሲ በሚባል ውሃ በማያስገባ ሙጫ መሸፈን ነው። ማድረቁ ሳምንታት ይፈጃል፤ እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ሥራውን ደግሞ ይሠራዋል። ወለሉን በተረከዛችሁ ርገጡት። ረገብ ካለ ፋይበሩ ውስጥ የተቀበረው እንጨት በስብሷል።

የእንጨት ጀልባ ያምራል፤ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ላይ፣ ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል። የሚያበሰብሰው ግን ከሐይቁ ይልቅ ከላይ የሚገባው ዝናብ ነው። መገጣጠሚያዎቹን በካቻቪቴ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ጀልባ የሠራ አናጢ በቅርባችሁ ከሌለ ይለፋችሁ።

ለውጡ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ፎቅ መጨመር ያምረዋል። እባካችሁ ተጠንቀቁ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከላይ የከበደ ጀልባ ክፉኛ ያዘነብላል። ሰፊ የብረት ጀልባ ቀለል ያለ ጣሪያና ሶላር ይችላል፤ ጠባብ ፋይበር ላይ ግን አልሞክረውም። ባትሪና የውሃ ታንክ ከታች ይቀመጡ። የጋዝ ሲሊንደር ከታች አይቀመጥ፤ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ሞተር ስትመርጡም ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,680 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አስቡ። አየሩ ስለሚሳሳ፣ አየር የሚገፋለት ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህል ያጣል። ለከባዱ ብረት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሽንት ቤቱን በፍጹም ወደ ሐይቁ አትልቀቁ። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። የጣላችሁት እዚያው ይቀራል፤ ዓሣውንም የምንበላው ከዚያው ነው። እንግዲህ ሦስቱን ስታወዳድሩ የማጠራቀሚያ ታንኩን ወጪ ከዋጋው ጋር ደምሩት። ብረቱ ላይ በያጁ ለሆዱ ቅርጽ የሚስማማ ታንክ ይሠራላችኋል። ፋይበሩና እንጨቱ ላይ ግን የፕላስቲክ ታንክ ገዝታችሁ፣ እንዳይንቀሳቀስ አጥብቃችሁ ማሰር አለባችሁ።